ሲነሣበት የሚጠየቀው ማን ነው?

አንድ የኦቲዝም ተማሪ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ድንገት ሲጮኽ፣ ደብተሩን ሲቀድ፣ ራሱን ከግድግዳ ሲያጋጭ ወይም አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ ሲመታ መምህሩ ምን ማድረግ አለበት የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው የዘዴ ጥያቄ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ይሁንና ከዘዴው የሚቀድም፣ የሃይማኖት ሊቃውንትም ፈላስፎችም ለብዙ ዘመን የተከራከሩበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም አንድ ድርጊት በአድራጊው ላይ ጥፋት ሆኖ የሚቆጠረው መቼ ነው የሚለው ነው። መምህሩ ልጁ እያጠፋ ነው ብሎ ካመነ እጁ ወደ አለንጋው ይሄዳል፤ ልጁ እየተጨነቀ ነው ብሎ ካመነ ግን ያው እጅ መስኮቱን ይዘጋል፣ መቀሱን ከጠረጴዛ ላይ ያነሣል፣ ሌሎቹን ተማሪዎች ወደ ደጅ ያወጣል። ዘዴው ከእምነቱ ይወለዳል እንጂ እምነቱ ከዘዴው አይወለድም፤ ዘዴውን በስልጠና የተማሩ መምህራን ችግሩ በተነሣ ቁጥር ወደ ቁጣ የሚመለሱትም በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄውን በሐረር ላይ አቁሞ መመርመር የሚጠቅመው ከተማይቱ ለመልሱ የሚያስፈልገውን ነገር በቅርብ ስለያዘች ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ባሠራው ግንብ የተከበበው የከተማይቱ አሮጌ ክፍል፣ ጀጎል፣ 82 መስጊዶችንና ከ100 የሚበልጡ የወሊዮች መቃብሮችንና መታሰቢያዎችን ይዟል፤ ወሊዮች የሚባሉትም በቅድስናቸው የሚከበሩ የእስልምና አባቶች ናቸው። በዚያው ግንብ ውስጥ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ ከግንቡ ውጭ ያለው ከተማ ደግሞ አብያተ ክርስቲያናትንም መስጊዶችንም በአንድ ሰፈር ያቀፈ ነው። በአንድ የሐረር መምህር ክፍል ውስጥ የሁለቱም እምነት ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ መምህሩም ከሁለቱ የአንዱ ልጅ ነው። ስለዚህ የኦቲዝም ተማሪው በሚረበሽበት ጊዜ በመምህሩ ልብ ውስጥ ቀድሞ የሚናገረው ከመምህራን ኮሌጅ የተገኘው ማስታወሻ ሳይሆን ከመስጊድ ወይም ከቤተ ክርስቲያን የተወረሰው የበደልና የምሕረት ትምህርት ነው ማለት ይቻላል።

ኦቲዝም ማለት የአእምሮ እድገት ከብዙዎቹ ልጆች በተለየ መንገድ የሚሄድበት፣ በመግባባት፣ በማኅበራዊ ግንኙነትና በስሜት ሕዋሳት ላይ ልዩነቱ የሚታይበት ከልጅነት ጀምሮ አብሮ የሚኖር ሁኔታ ነው። ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943፣ ሃንስ አስፐርገር በ1944 ካቀረቧቸው ጽሑፎች ጀምሮ የሕክምናው ዓለም ሲያጠናው ቆይቷል፤ ለድምፅ፣ ለብርሃን፣ ለሽታና ለንክኪ ከልክ በላይ ወይም ከልክ በታች ምላሽ መስጠት ከመለያ ምልክቶቹ እንደ አንዱ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ በይፋ የገባው ግን ገና በ2013 ነው። ይህ መዘግየት ቀላል ነገር አይደለም፤ ለ70 ዓመት ያህል የልጁ ጩኸት ከባሕርዩ የሚወጣ ነገር ተደርጎ ሲጠና ጆሮው የሚሰማው ነገር በሚገባው ክብደት አልተመዘነም ነበርና። ወላጆች «ተነሣበት» ወይም «ተረበሸ» የሚሉት ሁኔታ አንድ ልጅ የፈለገውን ለማግኘት ከሚያሰማው ልቅሶ ይለያል። የሚፈልገውን ለማግኘት የሚያለቅስ ልጅ በልቅሶው መካከል የሚያየውን ሰው ፊት ይመለከታል፤ የጠየቀው ሲሰጠው ወይም ተመልካች ሲያጣም ዝም ይላል፤ የኦቲዝም ልጅ መረበሽ ግን ከአቅም በላይ የተጠራቀመ ጭነት የሚፈስበት በመሆኑ ተመልካች ቢኖርም ባይኖርም ይቀጥላል፣ የተጠየቀው ቢሰጠውም ወዲያው አያቆምም። ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ ሊፈራረቁ፣ አንዱም ሌላውን ሊወልድ ስለሚችል መምህሩ ሁልጊዜ በእርግጠኝነት መለየት አይችልም፤ በተጠራጠረ ጊዜ ግን ጭንቀት ነው ብሎ ቢሳሳት የሚደርሰው ጉዳት ጥፋት ነው ብሎ ቢሳሳት ከሚደርሰው በእጅጉ ያነሰ ነው።

በመረበሹ ጊዜ የልጁ ሰውነት ለአደጋ የሚሰጠውን ምላሽ ይሰጣል፤ የልብ ምት ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ቃላትን ሰምቶ የመረዳት አቅም ይዳከማል። ስለዚህ በዚያች ሰዓት «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ብሎ መጠየቅ፣ ማስረዳት፣ መምከር ወይም ማስፈራራት በሞላ ላይ መጨመር ይሆናል። በልዩ ፍላጎት ትምህርት ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚያደርጉት ከዚህ ተቃራኒውን ነው፦ ቃላቸውን ወደ ሁለትና ሦስት ይቀንሳሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ፊት ለፊት ከመቆም ይልቅ በጎን ይሆናሉ፣ ዓይኑን እንዲያያቸው አያስገድዱም፣ ራሱንም ሌላውንም የሚጎዳበት አደጋ ካልመጣ በቀር አይነኩትም፣ በዙሪያው ያለውን ሕዝብና ድምፅ ያሳንሳሉ፣ ከዚያም ይጠብቃሉ። ከመካከላቸው ለመምህር የሚከብደው የመጨረሻው ነው፤ ክፍሉ ሁሉ እያየው ዝም ብሎ የሚጠብቅ መምህር ሥልጣኑን እንደተነጠቀ ይሰማዋልና።

በሐረር ጭነቱ ከየት እንደሚመጣ ማሰብ አስቸጋሪ አይደለም። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ክፍል መለኪያ ሆኖ የኖረው 50 ተማሪ ነው፤ 50 ልጆች በአንድ ድምፅ ፊደል ሲያነቡ ጆሮው ለሚደነግጥ ልጅ ምን እንደሚመስል መገመት ይቻላል። ከክፍሉ ውጭ ደግሞ የፈረስ መጋላ አደባባይ ባጃጅ፣ በመኪና ግርግር መንገድ የተደረደሩት የልብስ ስፌት መኪኖች፣ የገበያው የቅመም ሽታ፣ የድምፅ ማጉያው፣ ከጠባቡ መንገድ ድንገት ብቅ የሚለው አህያ አለ። ልጁ ትምህርት ቤት ሲደርስ ጭነቱን በከፊል ተሸክሞ ነው የሚደርሰው። በዚህ ላይ የሥርዓት መለወጥ ይጨመራል፦ በረመዳን ወር የቤቱ የእንቅልፍና የምግብ ሰዓት ይዛወራል፣ ከኢድ በኋላ የሸዋል ስድስት ቀን ጾም ሲፈጸም እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የሹዋሊድ በዓል ከተማውን በከበሮና በዘፈን ይሞላዋል። ለሌላው ልጅ የዓመቱ ደስታ የሆነው ሳምንት የነገውን ቀን ከዛሬው ጋር አንድ አድርጎ ለሚያውቅ ልጅ መሬት የተንቀሳቀሰበት ሳምንት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በዓሉን አስቀድሞ በሥዕል ማሳየት፣ የሚለወጠውንና የማይለወጠውን መንገር ከበዓሉ በኋላ ከሚመጣ ማንኛውም የማረጋጋት ዘዴ ይበልጣል። ቋንቋም አለ፤ ቤቱ ሐረሪ ወይም ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ወይም አማርኛ የሚናገር ልጅ በተጨነቀ ሰዓት የሚደርስለት ቃል የእናቱ ቃል ነው፤ መምህሩም ያንን ሁለት ሦስት ቃል መማር አያቅተውም። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ መናገር የማይችል ልጅ ጥርሱን ወይም ሆዱን አሞት ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ይገባል፤ የሚጥል በሽታ ከኦቲዝም ጋር አብሮ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ ደግሞ ራሱን ስቶ የወደቀ ልጅ የሚያስፈልገው ሐኪም ነው።

ወደ በደል ጥያቄ ስንመለስ፣ በኢትዮጵያ ጥያቄው ከልጁ አልፎ ወላጆቹ ላይ እንደሚወድቅ የታወቀ ነው። በአዲስ አበባ በሁለት ክሊኒኮች የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎች የተጠየቁበትና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እንዳሳየው አሳዳጊዎቹ ለልጆቻቸው ሁኔታ የሚሰጡት ምክንያት የሕክምናውንና የመንፈሳዊውን የቀላቀለ ነበር፤ የእግዚአብሔር ቅጣት፣ የመንፈስ ጥቃትና የራስ ኃጢአት ከተጠቀሱት መካከል ይገኛሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በኦቲዝም ምክንያት ልጃቸውን ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ሲያንከራትቱ ኖረው እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ከታገሏቸው ነገሮች ዋነኛው ከዚህ አመለካከት የሚወለደው ኀፍረት ነበር፤ ልጁን ከጎረቤት ዓይን ሰውሮ በጓዳ ማኖር ለብዙ ቤተሰብ ብቸኛ መከላከያ ሆኖ ቆይቷልና። የሐረር ክርስቲያን ወላጅ ልጁን ይዞ ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል ሄዶ ቢሳል፣ ጠበል ቢያስጠምቅ፣ ሙስሊሙም ቁርኣን ቢያስቀራለት ወይም በወሊዩ በአው አባድር ደጅ ዱዓ ቢያስደርግ፣ ይህ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ስለት ለተሰበረ ልብ አቅም ይሰጣል፣ ሕክምናንም አይከለክልም። ችግሩ የሚጀምረው ጸሎቱ ልጁን እንደ በደል ምልክት ማየት ሲጀምር ነው። መምህሩም ይህንኑ አመለካከት ወደ ክፍል ካስገባ መረበሹን ሊያስወጡት እንደሚገባ ነገር ይቆጥረዋል፤ የሚያስወጣበት መሣሪያ አለንጋም ይሁን የተቀደሰ ውሃ ልጁ የሚቀበለው መልእክት አንድ ነው።

የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ይህን ክርክር በቀጥታ ያነሣዋል፤ ዕውር ሆኖ በተወለደው ሰው ፊት ደቀ መዛሙርቱ የበደለው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ሲጠይቁ ኢየሱስ ክርስቶስ ሁለቱንም ምርጫ ውድቅ አደረገ። በሙስሊሙ ዘንድ ደግሞ የሃይማኖት ግዴታና ተጠያቂነት፣ ማለትም ተክሊፍ፣ በማስተዋል ላይ የቆመ ነው፤ በነቢዩ ሙሐመድ ሐዲስ መሠረት የመላእክት ብዕር ከሦስት ሰዎች ላይ ይነሣል፦ ከተኛ ሰው እስኪነቃ፣ ከሕፃን እስኪጎለምስ፣ አእምሮውን ከሳተ ሰው እስኪመለስለት ድረስ። በዚህ ሐዲስ ውስጥ እንቅልፍ ከተጠቀሱት መካከል መሆኑ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚታለፍ ቁም ነገር ነው። የተኛ ሰው ሙሉ ሰው ነው፣ አዋቂና አማኝም ሊሆን ይችላል፤ ብዕሩ የሚነሣለት ለዚያች ሰዓት ብቻ ነው። የኦቲዝም ተማሪን ሁኔታ ለመረዳት ከሦስቱ የሚቀርበው ምሳሌ ስለዚህ የእብደቱ ሳይሆን የእንቅልፉ ይመስላል፤ ኦቲዝም እብደት አይደለምና፣ በመረበሽ ጊዜ ግን ልጁ ከራሱ ፈቃድ ተነጥሎ ይቆያል።

ነገር ግን ከሕግ ነጻ ማውጣት ብቻ ለመምህሩ አይበቃውም፤ ምን ያድርግ የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ለዚህ በሐዲስ ከተዘገቡት ታሪኮች ሁሉ የገጠር ሰው በመዲና መስጊድ ውስጥ ሽንቱን የሸናበት ታሪክ እጅግ የሚያስደንቅ ነው፤ ባልደረቦቹ ሊያስቆሙት ሲነሡ ነቢዩ ከለከሏቸው፣ ሰውዬው እስኪጨርስ እንዲተውት አዘዙ፣ ከዚያም በባልዲ ውሃ እንዲፈስበት አደረጉ፣ መስጊድ ለምን እንደተሠራ በለሆሳስ ያስረዱት በመጨረሻ ነው። የሥራውን ቅደም ተከተል ማየት ያስፈልጋል፦ መጀመሪያ የገቱት ጥፋተኛ የተባለውን ሰው አይደለም፣ ሊያስቆሙት የተነሡትን ነው፤ ቀጥሎ ድርጊቱ እስኪያበቃ ተጠበቀ፤ ቀጥሎ ስፍራው ጸዳ፤ ትምህርቱ ከሁሉ ኋላ መጣ። በመማሪያ ክፍል ይህ ሥርዓት ብዙ ጊዜ ይገለበጣል፤ ምክሩ ይቀድማል፣ ተመልካቹ አይበተንም፣ መጠበቅ የሚባል ነገር አይታሰብም። ነቢዩ ሕፃን ሲያለቅስ ሰምተው ለእናቱ በማሰብ ሶላቱን ማሳጠራቸው፣ በሱጁድ ሳሉ የልጅ ልጃቸው ጀርባቸው ላይ ሲወጣም ሱጁዱን ማርዘማቸው ተዘግቧል፤ እጅግ የተከበረው ሥርዓት እንኳ ለአንድ ልጅ ሲባል ሊያጥርም ሊረዝምም ከቻለ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ለምን እንደማይችል የሚያስረዳ ሰው ሊገኝ አይችልም።

በክርስቲያኑ ወገን ከዚህ ጋር የሚስተካከለው የኤልያስ ታሪክ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ነቢዩ ከአቅሙ በላይ በሆነ ጭንቀት ከዛፍ ሥር ወድቆ ሞቱን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም፣ ስለ እምነቱም አልጠየቀውም፤ እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፣ ተኛ፣ ዳግመኛ አበላው፣ ከዚያም 40 ቀን ተጓዘ። ምን ታደርጋለህ የሚለው ጥያቄ የመጣለት ከዚህ ሁሉ በኋላ በኮሬብ ነው፤ እግዚአብሔርም በነፋሱ፣ በምድር መናወጡና በእሳቱ ውስጥ አልነበረም፣ የመጣው በዝግታ ድምፅ ነበር። የመምህሩ ድምፅ ዝቅ ማለት የባሕርይ ድክመት ነው ለሚል ሰው ይህ ምዕራፍ ከብዙ መመሪያ ይልቅ ይመልስለታል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደግሞ የሚጥለውን ልጅ ይዞ የመጣ አባት አለ፤ ይህ ክፍል የልጁን ሁኔታ ከርኩስ መንፈስ ጋር ስለሚያያይዝ ለማስወጣት ልማድ ዋቢ ሆኖ ይጠቀሳል፣ ነገር ግን ከፈውሱ በፊት የቀረበውን ጥያቄ የሚያስተውል ጥቂት ነው። ኢየሱስ አባትየውን ይህ ከያዘው ምን ያህል ጊዜ ሆነው ብሎ ጠየቀው፤ አባቱም ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደሆነ፣ እሳትና ውሃ ውስጥ እንደሚጥለው ተረከ። ጠያቂው ሁሉን አዋቂ ነው ብለን የምናምን ከሆነ ጥያቄው ለመረጃ አይመስልም፤ ወላጅ ሊደመጥ ይገባዋል ማለት ነው። መምህርም ልጁ ከመነሣቱ በፊት ምን እንደሚያሳይ፣ ምን እንደሚያበርደው ከእናቱ የበለጠ የሚነግረው ባለሙያ አያገኝም።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ መመለስ አለበት። አንድን ሰው ተጠያቂ አይደለም ማለት ክብሩን መግፈፍ ሊሆን ይችላል፤ አርስቶትል በኒቆማኮስ ሥነ ምግባር 3ኛ መጽሐፍ ውዳሴም ነቀፋም የሚገባው በፈቃድ ለተደረገ ነገር ብቻ መሆኑን ሲያስረዳ ከነቀፋ ነጻ የወጣ ከውዳሴም እንደሚወጣ አብሮ አመልክቷል። ልጁ ለምንም ነገር አይጠየቅም የሚል መምህር ቀስ በቀስ ከልጁ ምንም አይጠብቅም፤ ፊደል መቁጠርም አያስተምረውም፣ በአንድ ማዕዘን ዝም ብሎ እንዲቀመጥለት ብቻ ይመኛል። በሐረር ይህ አደጋ ሌላ ያማረ ልብስም ሊለብስ ይችላል፤ በሱፊዎች ዘንድ መጅዙብ የሚባለው፣ በመለኮት ፍቅር ተስቦ ከሰው ልማድ የወጣ ሰው፣ እንደ ወሊይ ሊከበር ስለሚችል፣ የማይናገረው ልጅም የተለየ ምሥጢር እንዳለው ቅዱስ ተደርጎ ሊታይ ይችላል። ከእርግማን በረከት ይሻላል፣ ሁለቱም ግን ልጁን ከማወቅ ያግዳሉ። እንግሊዛዊው የኦቲዝም ምሁር ዴሚያን ሚልተን፣ ራሱ የኦቲዝም ሰው የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳሳየው አለመግባባቱ የሁለት ወገን ነው፤ ኦቲዝም ያለበት ሰው ሌሎችን ለመረዳት የሚቸገረውን ያህል ሌሎችም እርሱን ለመረዳት ይቸገራሉ፣ ነገር ግን ጉድለት ተብሎ የሚመዘገበው የአንዱ ብቻ ነው። ከዚህ አንጻር የብዕሩ መነሣት ለሰዓቱ እንጂ ለሰውየው አለመሆኑ ክብሩን ያተርፍለታል፤ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ልጁ የበተነውን እርሳስ አብሮ ሊለቅም፣ የገፋውን ጓደኛውን በሚችለው መንገድ ሊክስ ይችላል፣ ይገባዋልም።

ሁለቱ ሃይማኖቶች መምህሩ ካሰበው በላይ ለኦቲዝም ልጅ አካል ቅርብ የሆኑበት ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም እንቅስቃሴ ነው። ብዙ የኦቲዝም ልጆች ራሳቸውን ለማረጋጋት ወደፊትና ወደኋላ ይወዛወዛሉ፣ እጃቸውን ያርገበግባሉ፣ አንድ ቃል ይደጋግማሉ፤ መምህሩ ይህን እንደ ረብሻ ቆጥሮ ሲያስቆመው ልጁ ያለውን ብቸኛ መድኃኒት ይነጥቀዋል፣ ከዚያም የሚመጣው መረበሽ ያስደንቀዋል። ሆኖም በቁርኣን ቤት ሰሌዳውን ይዞ የሚቀራ ልጅ ይወዛወዛል፤ የዳዊት ተማሪም እንዲሁ። በሐረር አዋቾች፣ ማለትም በወሊዮቹ ስፍራ፣ በሚደረገው ዚክሪ ከረቡ የሚባለው ከበሮና ከበል የሚባለው የእንጨት ማጨብጨቢያ አንድን ስንኝ ሌሊቱን ሲያስደጋግም ሰውነት አብሮ ይሄዳል፤ በመድኃኔ ዓለምም በክብረ በዓል ሊቃውንቱ በመቋሚያና በጸናጽል ወደ ግራና ቀኝ እየተወዛወዙ ያሸበሽባሉ። ድግግሞሽ ነፍስን እንደሚያሰክን ከተማይቱ በሁለት ቋንቋ ስታውቅ ኖራለች። ከዚህ ተነሥቶ ለልጁ ዚክሪ ማስደመጥ መድኃኒት ነው ማለት ግን ስሕተት ነው፤ ከበሮው ለአንዱ መጽናኛ ለሌላው ሥቃይ ሊሆን ስለሚችል። የሚገባው ድምዳሜ ከዚህ ያነሰ ነው፤ የሚወዛወዝን ልጅ ተወው።

ጸጥ ያለ ስፍራስ? በልዩ ፍላጎት ክፍሎች የማረጋጊያ ጥግ የሚባለው፣ ብርሃኑና ድምፁ የቀነሰ፣ ልጁ ሲጨናነቅ የሚሄድበት ቦታ፣ ገንዘብ የሚጠይቅ ይመስላል፤ በብዙ አገር ደግሞ ስሙ ተለውጦ የቅጣት ክፍል የሆነበት አጋጣሚ አለ። በሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ በጌ ጋር ውስጥ፣ ነደባ በሚባሉት ከፍ ዝቅ ባሉ መቀመጫዎች አጠገብ ኪርተት የሚባል ጠባብ ክፍል አለ፤ ሙሽሮች ከሠርግ በኋላ የመጀመሪያውን ሳምንት ከሕዝብ ዓይን ርቀው የሚቆዩበት ነው። ሱፊው ኸልዋ፣ መነኩሴው በዓት የሚሉት መገለልም አለ። እነዚህ ሦስቱ ከእስር የሚለዩት በግድግዳቸው ውፍረት ሳይሆን በሁለት ነገር ነው፦ የሚገባው ሰው በፈቃዱ ይገባል፣ ሲወጣም የሚጠብቀው ሰው አለ። ልጁ ባልተረበሸበት ሰዓት የሚወደው ነገር ይዞ እየገባ የለመደው ጥግ፣ ማንም የማይቆልፈው፣ ከጨርቅ መጋረጃ በቀር ምንም የማይጠይቅ፣ ማረፊያ ነው፤ እያለቀሰ ተጎትቶ የሚገባበትና ከውጭ የሚዘጋው ክፍል ደግሞ ማንኛውም ስም ቢሰጠው ያው እስር ነው። ስለ ሐረር የሚጽፍ ሁሉ ከግንቡ ሥር የጅብ መግቢያ ቀዳዳ መኖሩን ጠቅሶ ከተማይቱ ከምትፈራው ጋር መኖርን ታውቅበታለች ይላል፤ ለዚህ ጉዳይ ግን ምሳሌው ቢያምርም መተው አለበት፣ ልጁ የሚፈራ አውሬ አይደለምና።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የመምህሩ የራሱ ቁጣ ነው፤ ጉዳዩም እውነተኛ ክብደቱን የሚያገኘው እዚህ ነው። በ1111 እ.ኤ.አ. ያረፈው ኢማም አል-ገዛሊ ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን በተባለው ሰፊ ሥራው ከመጻሕፍቱ አንዱን ለቁጣ፣ ለቂምና ለምቀኝነት ሰጥቶ፣ ቁጣን በውስጥ አፍኖ መያዝና ሒልም የሚባለው ባሕርይ፣ ማለትም ነፍስ ከመጀመሪያው ያልተናወጠችበት ርጋታ፣ የተለያዩ መሆናቸውን ይገልጻል፤ የመጀመሪያው ትግል ነው፣ ሁለተኛውም ከረጅም ትግል በኋላ በልምምድ የሚገኝ ነው። ይህ ልዩነት ለመምህሩ የተጻፈ ይመስላል። ጥርሱን ነክሶ በለሆሳስ የሚናገር መምህር ድምፁን ዝቅ ቢያደርግም ትከሻው፣ ትንፋሹና ዓይኑ ይናገራሉ፤ የቃልን ትርጉም ለመያዝ ያቃተው ልጅ ደግሞ የሚያነበው ይህንን ነው። ስለዚህ መምህሩ ልጁን ከማረጋጋቱ በፊት ራሱን ያረጋጋ የሚለው ምክር በጎ አሳብ ብቻ ሳይሆን የአሠራሩ ቁልፍ ነው። በሐዲስ የተቆጣ ሰው ቆሞ ከሆነ እንዲቀመጥ፣ ካልበረደለትም ጋደም እንዲል መመከሩ፣ ቁጣን በሰውነት በኩል መግራት እንደሚቻል ያሳያል፤ ከልጁ አጠገብ ዝቅ ብሎ በርጩማ ላይ የተቀመጠ መምህር ለራሱም ለልጁም በአንድ ጊዜ ያደርገዋል። በኢትዮጵያ ገዳማት ከሚነበቡት ከሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ የሆነው ማር ይስሐቅም የርኅሩኅ ልብ ምልክት ለፍጥረት ሁሉ፣ ለሚጎዳው እንኳ ሳይቀር መቃጠል እንደሆነ ያስተምራል፤ ይህ ከፍ ያለ መዓርግ ስለሆነ ደመወዙ ወር ከማያደርሰው መምህር ዘወትር ሊጠበቅ አይገባም። ለዚህም ነው ሕጉ በመዓርጉ ላይ ያልተመሠረተው፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በልጆች ማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ እንዲሆኑ ሲደነግግ ርኅሩኅ ልብ ያለውንና የሌለውን መምህር አልለየም።

ሌሎቹ 49 ተማሪዎችም መብት አላቸው፤ የተመታ ልጅ ሕመሙ ቀላል የሚሆነው የመታው ልጅ ፈቃድ ስለሌለው አይደለም። ብቻውን የቆመ መምህር የሚነሣበትን ልጅ እየጠበቀ 49 ልጆችን ሊያስወጣ ስለማይችል ጥያቄው ወደ ርእሰ መምህሩና ወደ ከተማው ይተላለፋል። ሐረር ለዚህ የምትመካበት ልማድ አላት፤ አፎቻ የሚባለው ማኅበር በሠርግና በለቅሶ ጊዜ አንድ ቤት የማይችለውን ሸክም አባላቱ እንዲካፈሉት ያደርጋል። ከአፎቻ እናቶች አንዷ በየተራ ክፍሉ አጠገብ ብትገኝ፣ ተማሪዎቹም ጓደኛቸው ሲነሣበት በጸጥታ ወደ ጥላው መውጣትን አስቀድመው ቢለማመዱ፣ መምህሩ ለመጠበቅ ጊዜ ያገኛል።

ሆኖም መምህር ይሳሳታል፤ ይጮኻል፣ ይጎትታል፣ አንዳንዴም ይመታል። በእስልምና የሰው ሐቅ በአላህ ምሕረት ብቻ አይሰረዝም፣ የተበደለው ሰው ይቅር ሊል ይገባል፤ በክርስትናም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መሥዋዕት ይዞ የመጣ ሰው መሥዋዕቱን ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ ታዟል። የማይናገር ልጅ ግን ይቅር ብያለሁ አይልም፤ ይቅርታ ሲጠየቅም መጠየቁን መረዳቱ አይታወቅም። ሊቃውንቱ ለንስሓም ለተውበትም ያስቀመጡት ሥርዓት እዚህ ላይ በጣም ተጨባጭ ይሆናል፤ ከመጸጸት ጋር ድርጊቱን ማቆም፣ ወደ እርሱ ላለመመለስ መቁረጥና የተወሰደውን መመለስ ይጠይቃልና። ከልጁ የተወሰደው ደኅንነቱ ነው፤ መመለሻውም የመምህሩ ቃል ሳይሆን የነገው የክፍሉ አደረጃጀት ነው፦ የልጁ መቀመጫ ከበሩ አጠገብ ይነሣል ወይስ አይነሣም፣ ደወሉ ከመስኮቱ ሥር ይርቃል ወይስ አይርቅም፣ የቀኑ መርሐ ግብር በሥዕል ግድግዳ ላይ ይለጠፋል ወይስ አይለጠፍም፣ አለንጋው ከጠረጴዛው መሳቢያ ይወጣል ወይስ እዚያው ይቀመጣል።